ከሥዕሉ በፊት ኅዳጉን

በረዶ ይጥላል። አንዲት ሴት ጃንጥላዋን ወደ ነፋሱ አዘንብላ በቀዩ የዞጆጂ ቤተ መቅደስ በር ፊት ታልፋለች። የጃፓናዊው ሰዓሊ የካዋሴ ሃሱይ የእንጨት ህትመት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1925። ጠጋ ብሎ ላየው ነጩ በረዶ ቀለም አይደለም፤ ቀለም ያልነካው ወረቀት ነው። ጠራቢው እንጨቱን ፈልፍሎ ባዶውን ትቶለታል።

ይህ ጥበብ ሺን-ሃንጋ ይባላል፤ «አዲስ ህትመት» ማለት ነው። ፎቶግራፍና የማተሚያ መኪና የድሮውን የእንጨት ህትመት ገበያ ሲያቀዘቅዙት፣ የቶኪዮው አሳታሚ ዋታናቤ ሾዛቡሮ ሙያውን በአዳዲስ ሰዓሊዎች ሊያስቀጥል ተነሣ። ሰዓሊው ይነድፋል፤ ጠራቢው ንድፉን በቼሪ ሳንቃ ላይ ይቀርጻል። አታሚው ደግሞ ከኮዞ ቁጥቋጦ ቅርፊት የተሠራውን እርጥብ ወረቀት ሳንቃው ላይ ዘርግቶ፣ ባሬን በሚሉት በቀርከሃ ቅርፊት በተለበጠ ክብ ማሻ ጀርባውን ያሸዋል። አንዱ ሥዕል ከ30 ጊዜ በላይ ሊታተም ይችላል። ወረቀቱ በየዙሩ ዝንፍ እንዳይል የሚጠብቀው ሳንቃው ጥግ ላይ የተቀረጸ ኬንቶ የሚባል ምልክት ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ስትወድም የዋታናቤ ሳንቃዎችና ህትመቶች፣ የሃሱይም የንድፍ ደብተሮች አብረው ነደዱ። ከዚያ በፊት የታተሙት ዛሬ ውድ የሆኑት ለዚህ ነው። ሃሱይ ግን ጥንታዊውን ብቻ አልሣለም፤ ከአደጋው በኋላ የተሠራውን የኪዮሱ የብረት ድልድይም እ.ኤ.አ. በ1931 አሳተመው። በዚያው ዓመት ሮበርት ሙለር የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ ኒው ዮርክ ውስጥ አይቶት ገዛው። በአንድ ድልድይ የጀመረው ስብስብ ከ4,000 በላይ ደርሶ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል።

ለጀማሪ ሰብሳቢ ምክሬ አንድ ነው፤ ሥዕሉ ሳያፈዝህ ኅዳጉን እይ። ሳንቃው እስካለ ድረስ ሥዕሉ ደግሞ ሊታተም ስለሚችል፣ ዕድሜውን የሚናገረው የአሳታሚው ማኅተም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዋታናቤ ይመታው የነበረው 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን ትንሽ ክብ ማኅተም ከቀድሞዎቹ ይለያል። የሌላው የሺን-ሃንጋ ሰዓሊ የዮሺዳ ሂሮሺ ሥራ ሲሆን በኅዳጉ ላይ «ጂዙሪ» የሚሉትን ሁለት ፊደላት ፈልግ፤ ህትመቱን ሰዓሊው ራሱ ተቆጣጥሮታል ማለት ነው። ዮሺዳ ልዩ ሰው ነው፤ ባለ ሸራ ጀልባዎችን የሚያሳይ አንድ ሥዕሉን ሳንቃውን ሳይለውጥ ቀለሙን ብቻ እየቀያየረ ጠዋት፣ ጭጋግና ሌሊት አድርጎታል። ይህን የመሰለ ሥራ ፍሬም ውስጥ እንዲገባ ተብሎ ኅዳጉ ተቆርጦ ሲገኝ ያንገበግባል፤ መታወቂያው ነው የተጣለው።

ፀሐይ ቀለሙን ታደበዝዛለች፤ ርካሽ የፍሬም ካርቶንም ወረቀቱን ቡናማ ያደርገዋል። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ከፍሬሙ አስወጣውና ጀርባውን ገልብጠህ በመስኮት ብርሃን አዘንብለው። በእጅ የታተመ ከሆነ ወረቀቱን አልፎ የወጣ ቀለምና ባሬኑ ሲሽከረከር የተወው ክብ ክብ ፈለግ ይታይሃል።