ስድስተኛው ቀዳዳ የደበቀው ድምፅ

እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 መካከል ነው። ከቺካጎ አጠገብ ባለችው ኤቫንስተን፣ ሃዋርድ ሌቪ የሚባል የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሃርሞኒካ ይዞ ግራ ተጋባ። ከልጅነቱ ጀምሮ ፒያኖ ሲጫወት ያደገ የኒውዮርክ ልጅ ነበር። ፒያኖ ላይ የፈለገውን ኖታ ጣቱ ያገኘዋል። እጅ ውስጥ የምትገባው ባለ አሥር ቀዳዳ ሃርሞኒካ ግን አንዳንዱን ኖታ ጨርሶ ነፈገችው። ለምን?

ነገሩ የሚጀምረው ጀርመን ውስጥ ነው። በ1857 ማትያስ ሆነር የተባለ ሰዓት ሠሪ ትሮሲንገን ላይ ሃርሞኒካ ማምረት ጀመረ። የኋላ ኋላ ዓለምን ያጥለቀለቀችው ባለ አሥር ቀዳዳ ሃርሞኒካ የተቃኘችው ለሕዝብ ዘፈን ነበር። በሲ የተቃኘችው እፍ ሲሏት ሲ፣ ኢ እና ጂን ብቻ ትሰጣለች፤ ይህም የሜጀር ኮርድ ነው። ለሲ ማይነር የሚያስፈልጉት ኢ ፍላት፣ ኤ ፍላትና ቢ ፍላት የራሳቸው የሚርገበገብ የናስ ምላስ አልተሠራላቸውም። ማይነር የፈለገ ሰው ምን ያድርግ?

የመጀመሪያውን መላ ያመጡት የአሜሪካ ደቡብ ጥቁር ሙዚቀኞች ናቸው። እፍ ከማለት ይልቅ አየሩን እየሳቡ፣ በሲ የተቃኘችውን በጂ ተጫወቱባት። እየሳቡ የአፋቸውን ቅርጽ ለወጥ ሲያደርጉ ድምፁ እንደ ለቅሶ ወረደ። ይህ ቤንድ የሚባለው ዘዴ ነው። ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ያለው ቢ ወርዶ ቢ ፍላት ሆነ፤ ብሉዝም የሚፈልገውን አገኘ። አንድ ኦክታቭ ከፍ ብለው ሰባተኛው ቀዳዳ ላይ ያንኑ ሲሞክሩ ግን ቢ ንቅንቅ አልል አለ።

ሌቪም እዚያው ላይ ቆመ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ቀጫጭን የናስ ምላሶች አሉ፤ አንዱ እፍ ሲሉ፣ ሌላው ሲስቡ ይርገበገባል። ቤንድ ድምፅ የሚያወጣው በሁለቱ ምላሶች ኖታዎች መካከል ካለው ክፍተት ነው። ስድስተኛው ቀዳዳ ጂ እና ኤ አለው፤ ሰባተኛው ደግሞ ቢ እና ሲ። የሚፈለገው ቢ ፍላት ከኤ በላይ፣ ከቢ በታች ነው። በሁለቱም ቀዳዳዎች ክፍተት ውስጥ የለም። በሚታወቀው መንገድ ሊገኝ አይችልም ነበር።

ሌቪ ግን አልተወውም። ታችኞቹ ቀዳዳዎች ላይ ሲስብ የሚጠቀምበትን የአፍ ቅርጽ ይዞ፣ ስድስተኛው ላይ በተቃራኒው እፍ አለ። ጂ ታፈነ። ከዚያ ድንገት፣ ወደ ታች መውረድ ሲገባው፣ አንድ ድምፅ ወደ ላይ ዘለለ።

ቢ ፍላት ነበር።

አንዴ ከተገኘ ሌሎቹም ይኖራሉ ብሎ ቀጠለ። አራተኛው ቀዳዳ ኢ ፍላትን፣ አምስተኛው ኤፍ ሻርፕን ሰጡት። ላይኞቹ ቀዳዳዎች ላይ ደግሞ እየሳበ ያንኑ አደረገ። አሥራ ሁለቱም ኖታዎች ከአንዲት ተራ ሃርሞኒካ ወጡ። ዘዴው ኦቨርብሎው ተባለ፤ ሌቪም ኋላ ከቤላ ፍሌክና ከባንዱ ፍሌክቶንስ ጋር ጃዝ ተጫወተበት። ይሁን እንጂ እሱ ያላወቀው አንድ ነገር ነበር።

በ1929 ብሉዝ በርድሄድ በሚል ስም የተቀዳ ተጫዋች «ሚን ሎው ብሉዝ» ላይ ያንኑ ድምፅ አሰምቶ ነበር። ዘዴውን ግን ማንም አንስቶ ስላላስፋፋው አርባ ዓመት ተኛ። እንዴት እንደሚሠራም ገና አልታወቀም ነበር።

መልሱን ከፈለጉት አንዱ ሃርሞኒካ የሚወድ የፒትስበርግ የልብ ቀዶ ሐኪም ሄንሪ ባንሰን ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር በ1998 ባሳተመው ጥናት የምላሶቹን እንቅስቃሴ አሳየ። በኦቨርብሎው ጊዜ የእፍታው ምላስ ዝም ይላል፤ የሚዘፍነው ለመሳብ የተሠራው ምላስ ነው፤ ያውም ከራሱ ኖታ በግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ብሎ።

ዴንማርካዊው ሊ ኦስካር ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። አፍን ከማስተማር ይልቅ መሣሪያዋን ለመቀየር ወሰነ። የምላስ ጫፍ ሲሞረድ ድምፁ ይወጣል፤ ሥሩ ሲሞረድ ይወርዳል። ዋር የተባለው ባንድ ተጫዋች የነበረው ኦስካር በ1983 የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ፣ በማይነር የተቃኙ ሃርሞኒካዎችን ለገበያ አቀረበ። ከነዚህ በአንዱ ዓይነት ኮርዱ እፍ ሲሉም ሲስቡም ማይነር ሆኖ ተገኘ፤ በምትኩ ሜጀሩ ቀረ።

ሦስተኛው መንገድ ምንም አያስቀይርም፤ መነሻን መለወጥ ብቻ ነው። በሲ የተቃኘችውን ሃርሞኒካ ይዞ ከስድስተኛው ቀዳዳ ኤ የተነሳ ሰው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ እና ኤፍን ያገኛል። ይህ ትዝታ ማይነር የሚባለው ቅኝት ነው፤ ቤንድም ሆነ ኦቨርብሎው አያስፈልገውም። ያንኑ ቅኝት ከሲ መነሳት የሚሻ ግን ኢ ፍላትን ከአራተኛው ቀዳዳ በኦቨርብሎው፣ ኤ ፍላትን ከስድስተኛው በቤንድ ማውጣት አለበት። ይህ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል፤ አንዳንዴም በምላሱና እሱ በተገጠመበት ሳህን መካከል ያለውን ክፍተት በእጅ ማጥበብ ያስፈልጋል። ሌቪ ያንን ድካም ከፍሎ ያስመሰከረው፣ የለም የተባለው ኖታ ከመጀመሪያውም እዚያው እንደነበረ ነው።