ለጨዋታ ያልነው ነገር ስልክ ውስጥ ሲገባ

በዚህ እትም ስለ ወሬ እንጫወታለን። ስለ ሐሜት ማለታችን አይደለም፤ ሰው አረፍ ሲል እንዲያው በዋዛ ስለሚሰጠው አስተያየት ነው። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ሁለት ኢትዮጵያውያን ከተገናኙ ወሬው የታወቀ ነው። አገር ቤት ምን ተባለ፣ ማን አዲስ ዘፈን አወጣ፣ የትኛው ስልክ ይሻላል፣ ፌስቡክ ላይ እነማን ተሰዳደቡ። ቡና ላይም ሆነ በርጫ ላይ፣ ባልባላም ሆነ መሀል ከተማ፣ ከዚህ ብዙም አይወጣም።

የዚህ ወሬ ደግ ጎኑ አለመቆየቱ ነው። እኩለ ቀን አካባቢ ጫቱ ከኢትዮጵያ ይገባል፤ ከሰዓት ይቃማል፣ ይወራል፣ መንግሥት ይገለበጣል፣ ሚኒስትር ይሾማል፣ ዘፋኝ ይወገዛል። ምርቃናው ሲለቅ ወሬውም አብሮ ይለቃል። በማግስቱ «ትናንት እንዲህ ብለህ ነበር» ብሎ የሚይዛችሁ እምብዛም የለም። ቢይዛችሁም «ኧረ ለጨዋታ ነው!» ብላችሁ ትስቃላችሁ፤ ሰውየውም ስትናገሩ ፊታችሁን አይቶ ስለነበር ያምናችኋል።

ያው ሰው ያንኑ ነገር ስልኩን አውጥቶ ሲጽፈውስ? ቃሉ አንድ ነው፤ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ይህን ለመረዳት መጀመሪያ መልእክቱ በየት በኩል እንደሚሄድ ማወቅ ይጠቅማል። ደግሞም የምንኖርበት ከተማ ለዚህ ነገር ዋና በር ስለሆነች ብናውቀው ደስ ይላል።

ከባልባላ ሆናችሁ ደሴ ላለ ወንድማችሁ በፌስቡክ አንዲት መስመር ጻፋችሁ እንበል። መልእክቷ ተራራ ተራራውን ይዛ በቀጥታ ወደ ደሴ አትሄድም። መጀመሪያ ከስልካችሁ ወደ ጅቡቲ ቴሌኮም ምሰሶ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ትወርድና ከባሕር በታች በተዘረጋ ገመድ ውስጥ ትገባለች። ገመዱ ውስጡ ፀጉር የሚያህሉ የመስታወት ክሮች አሉ፤ መልእክቱ በብርሃን መልክ በነሱ ውስጥ ይሮጣል። ብዙውን ጊዜ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያለ የኩባንያው ትልቅ ኮምፒውተር ጋ ደርሳ እዚያ ትመዘገባለች። ከዚያ ተመልሳ ወደ ኢትዮጵያ ትገባለች። ኢትዮጵያ ባሕር ስለሌላት ከውጭ የምታገኘው ኢንተርኔት ትልቁ ክፍል የሚገባላት በዚችው በጅቡቲ በኩል ነው፤ በኬንያና በሱዳን በኩልም መንገድ አላት። ከፖርት ሱዳን እስከ ደቡብ አፍሪካ የተዘረጋው ኢሲ የሚባለው ገመድ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ሲጀምር ጅቡቲ አንዷ መውጫው ነበረች። ገመዶቹ ደግሞ ሰው እንደሚያስበው የማይነኩ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሩቢማር የሚባል መርከብ በሁቲዎች ሚሳይል ተመትቶ ሲንሳፈፍ ቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ገመዶች ተቆርጠዋል፤ የቆረጣቸውም የመርከቡ መልሕቅ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያቺ አንዲት መስመር አሁን ቢያንስ ሦስት ቦታ አለች፦ እናንተ ስልክ ላይ፣ ወንድማችሁ ስልክ ላይ፣ የኩባንያው ኮምፒውተር ላይ። እናንተ ብታጠፏትም አንዱ ፎቶ አንስቷት ሊሆን ይችላል። ስክሪንሾት የሚሉት ይሄንኑ ነው። በርጫ ላይ ስክሪንሾት የለም።

ይህ ሁሉ ትናንት የመጣ እንዳይመስላችሁ። ዕድሜያችሁ ጠና ያለ ሁሉ ፓልቶክን ታስታውሳላችሁ። ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ማዳመጫውን ጆሮ ላይ አድርጎ፣ በሰዓት እየከፈሉ፣ ዋሽንግተንና ስቶክሆልም ያሉ ሐበሾች ሲከራከሩ መስማት ትልቅ ነገር ነበር። ፓልቶክ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረ ሲሆን በኢትዮጵያውያን ዘንድ የጦፈው በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሰሞን ነው። ያኔ ግን ክፍሉ በር ነበረው። ማይክ ተራ ይጠበቃል፣ የሚሳደብ ይባረራል፣ ንግግሩም ሰው ካልቀዳው በስተቀር ይጠፋል። አንዱ ደረቱን ነፍቶ ሲናገር ድምፁ ይሰማ ስለነበር እንኳ ቀልዱን ከምሩ መለየት ይቻል ነበር። የዛሬው ጽሑፍ ይሄም የለውም።

አገር ቤት የነበረው ደግሞ የባሰ ነበር። ከምርጫው በኋላ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2005 ጀምሮ በሞባይል አጭር መልእክት መላላክ ተዘጋ፤ እስከ መስከረም 2007፣ ማለትም እስከ ሚሊኒየሙ ድረስ አልተከፈተም። ሁለት ዓመት ከምናምን መሆኑ ነው! «ደህና ነኝ» ብሎ ለእናት መጻፍ ሳይቻል ማለት ነው። ቆይቶ ደግሞ ዞን ዘጠኝ የሚባሉ ወጣት ጸሐፊዎች መጡ። ስማቸው ራሱ ጨዋታ ነበር፤ ቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞን አለው፣ ከግቢው ውጭ ያለነው ሁላችን ዘጠነኛው ዞን ነን ማለታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ፤ በ2015 በተለያየ ጊዜ ተፈቱ። የጻፉት አብዛኛው ነገር ማንም ቡና ላይ የሚለው ዓይነት ነበር።

ሙዚቃም ከዚህ ውጭ አይደለም። መቼም እኛ ዘንድ ስለ ዘፈን የሚሰጥ አስተያየት ስለ ዘፈን ብቻ ሆኖ አያውቅም። የቴዲ አፍሮ «ያስተሰርያል» አልበም በ1997 ምርጫ ሰሞን ሲወጣ ሰው ከፖለቲካው ጋር አያይዞ ሰማው። እ.ኤ.አ. በ2008 ታስሮ እስከ ነሐሴ 2009 እስር ቤት ቆየ፤ ክሱ የመኪና አደጋ ነበር፣ ብዙ አድናቂዎቹ ግን ከፖለቲካው ነጥለው አላዩትም። በ2017 ያወጣው «ኢትዮጵያ» የሚለው አልበምም ያው የአገር ክርክር ሆነ። ስለዚህ አንድ ልጅ «ይሄ ዘፈን አልተመቸኝም» ብሎ ሲጽፍ ምቱ ወይም ድምፁ ሊሆን ይችላል ያልተመቸው፤ የሚያነበው ሰው ግን «የማን ወገን ነህ?» ብሎ ነው የሚያነበው። አጠገቡ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ «እንዴት ማለትህ ነው?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። በስልክ አይጠይቅም፤ ይሰድባል።

ለምን ይሰድባል? ከፊሉ የእኛ ጠባይ ነው፤ ከፊሉ ግን የማሽኑ ሥራ ነው። ፌስቡክ የሁሉንም ሰው ጽሑፍ ለሁሉም ሰው እኩል አያሳይም፤ የትኛው ከላይ እንደሚወጣ በነጥብ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከኩባንያው የወጡ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ከ2017 ጀምሮ የቁጣ ፊት ያለባትን ምልክት መጫን ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ ነጥብ ይሰጠው ነበር። በኋላ ቀንሰው ቀንሰው በ2020 የቁጣዋን ነጥብ ዜሮ አድርገዋታል። በመሀሉ ያሉት ዓመታት ግን የእኛ አገር የከፉ ዓመታት ናቸው። ሰውን ያናደደ ጽሑፍ እየተገፋ ይወጣል፣ ሰከን ያለው ከታች ይቀራል። ጽሑፉ ስለበዛ ደግሞ «ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው» እንላለን። ሁሉም ሰው አይደለም፤ የተናደደው ነው።

ይህ እስከ ምን እንደሚያደርስ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 በጦርነቱ መሀል ትግራዋይ በመሆናቸው ስማቸውንና ፎቷቸውን ይዘው የሚከሷቸው ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ወጡ፤ የሚኖሩበት ሰፈር ሳይቀር ተጠቀሰ። ከሥሩ አስተያየት የሰጠው ሰው ብዙ ነው። ኅዳር 3 ቀን 2021 ቤታቸው በር ላይ ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም ማዕረግ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው አመልክቶ እንደነበር ይናገራል። በታኅሣሥ 2022 ከሌሎች ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። ሜታ «የኬንያ ፍርድ ቤት እኔን ሊዳኝ አይችልም» ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱ ግን በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን ማየት እችላለሁ ብሏል። ከነዚያ ጽሑፎች ሥር አንድ ቃል ጣል አድርገው ያለፉት ሁሉ ሰው ለመግደል ነው የጻፉት አንልም። ብዙዎቹ እንደ በርጫ ወሬ ጣል ያደረጉት ይመስለናል። አስፈሪው እሱ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለዚህ ነገር ሕግም ወጥቷል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር ያሰራጨን እስከ 2 ዓመት ያስቀጣል፤ ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ እስከ 3 ዓመት። ሕጉን የሚነቅፉ አሉ፣ ነቀፋቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ሐሰት» የቱ እንደሆነ የሚወስነው ማነው የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው። ከአገር ውጭ ያለን ሰዎች «እኛን አይመለከተንም» እንላለን። እኛን ባይነካ እንኳ ስማችንን የያዘ ቤተሰብ እዚያ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ኢንተርኔት ሲዘጋ ወሬ የሚቀንስ ይመስላል፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 29 ቀን 2020 ከተገደለ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል አገሪቱ ተዘጋች። ትግራይ ከኅዳር 2020 ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ፣ አማራ ክልል ደግሞ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት አልነበራቸውም። በነዚያ ጊዜያት ውጭ ያለነው ማውራታችንን አላቆምንም። የጠፋው «ኧረ ውሸት ነው፣ እኔ እዚሁ ሰፈር ነኝ» የሚል ሰው ነው። እዚህ ከተማ የእናቱ መንደር ተቃጠለ የሚል ወሬ ሰምቶ ሳምንታት እንቅልፍ ያጣ ሰው ታውቃላችሁ፤ ስልኩ ሲከፈት እናቱ ስለ ዝናቡ ታወራለች።

ለስደተኛ ደግሞ የራሱ የሆነ ወሬ አለ። አሊ አዴም ሆነ ሆልሆል፣ ከተማም ሆነ ካምፕ፣ የሚዘዋወረው አንድ ነው፦ ካናዳ ከፍታለች፣ ይህን ፎርም ሙላና ይህን ያህል ፍራንክ ላክ። ይህን በደንብ ያዙት፦ መልሶ ማስፈርም ሆነ ማንኛውም የተመድ ስደተኞች ኮሚሽን አገልግሎት ገንዘብ አይከፈልበትም። ገንዘብ የጠየቀ ሁሉ፣ አርማ ቢለጥፍም፣ ሌባ ነው። ሌላው የኦቦክ መንገድ ነው። ቲክቶክ ላይ አንድ ልጅ ሪያድ ደርሶ መነጽር አድርጎ ይታያል። በጥር 2019 መጨረሻ ኦቦክ አጠገብ ሁለት ጀልባ ተገልብጦ ከ50 በላይ ሰው ሞቷል፤ በሚያዝያ 2024 ደግሞ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች እዚያው ጅቡቲ ዳርቻ ሰጥመው በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። የሞቱት ቪዲዮ አይለጥፉም። ስለዚህ ስልካችን ላይ የምናየው የደረሰውን ብቻ ነው፤ ደላላውም ይህን ስለሚያውቅ ያንኑ ቪዲዮ እያዞረ ያሳያል።

ታዲያ ዝም እንበል ወይ? አይደለም። ሰው ካላወራ ይታመማል፤ አስተያየት መስጠት ደግሞ መማርም ነው። ክፍል ውስጥ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ የለመደ ልጅ ፌስቡክ ላይም ይጠይቃል። ልዩነቱን ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ «ዘፈኑ አልተመቸኝም» አስተያየት ነው፣ «ዘፋኙ ገንዘብ ተከፍሎታል» ግን አስተያየት አይደለም፣ ማስረጃ የሚፈልግ ክስ ነው። «እነ እገሌ ሁሉ እንዲህ ናቸው» የሚለው ደግሞ ሁለቱም አይደለም። የሰው ስም፣ ሰፈርና ፎቶ አንድ ላይ ያለበትን ነገር ከነጭራሹ አታስተላልፉ፤ የማዕረግ አማረ ታሪክ የሚነግረን ይህንኑ ነው። ፎቶ ሲመጣላችሁ የት፣ መቼ የሚለውን ፈልጉ፤ የሌላ አገር ጦርነት ፎቶ የእኛ ተብሎ ስንቴ ዞሯል።

ዋትሳፕ የምትጠቀሙ ደግሞ አንዲት ምልክት ልብ በሉ። የመጣላችሁ መልእክት አናት ላይ ሁለት ቀስት ተደራርቦ ካያችሁ ጽሑፉ እናንተ ጋ ከመድረሱ በፊት ቢያንስ አምስት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል ማለት ነው፤ ከሚያዝያ 2020 ወዲህ እንዲህ ያለውን በአንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ መላክ አይቻልም። የላከላችሁ አጎታችሁ ቢሆኑም ጽሑፉ የአጎታችሁ አይደለም። «አጋሼ፣ ይሄን ማነው የላከልዎት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ብዙ ጊዜ መልሱ «እኔ እንጃ፣ እንዲሁ መጣ» ነው።