ልማድ እንዴት ይሠራል?

መስከረም 1 ቀን ብዙ ሰው ለራሱ ቃል ይገባል። በጠዋት ተነሥቶ በእግሩ ሊሄድ፣ ማታ ማታ ሊያነብ፣ ከደመወዙ ጥቂት ሊያስቀምጥ ይወስናል። ጥቅምት ሳይጋመስ ግን ነገሩ ይቀራል፤ ሰውየውም «እኔ ወኔ የለኝም» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ወቀሳው ፍትሐዊ አይደለም። ወኔ ሲደክመን ይዝላል፣ ስንከፋ ይጠፋል። ለዓመታት የሚዘልቅ ነገር ወኔ ባልመጣበት ቀንም መሠራት አለበት፤ ይህን የሚያስችለው ደግሞ ልማድ ነው።

አንጎል ውስጥ ምን ይሆናል?

መንዳት የሚማር ሰው ፍሪሲዮኑን፣ ማርሹንና መስታወቱን በየተራ ያስባል። ከጊዜ በኋላ ግን ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው ጋር እያወራ ይነዳል። አሜሪካዊቷ የአንጎል ተመራማሪ አን ግሬቢየልና ባልደረቦቿ ይህን ለውጥ በአይጦች ላይ ተከታትለዋል። አይጦቹ በመተላለፊያ ውስጥ እየሄዱ ምግብ ይፈልጋሉ፤ ተመራማሪዎቹም ቤዛል ጋንግሊያ በሚባለው የውስጠኛው የአንጎል ክፍል ያሉትን የነርቭ ሕዋሳት ይመዘግባሉ። አይጦቹ መንገዱን ሲለምዱት የሕዋሳቱ እንቅስቃሴ በጉዞው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጎላ፤ መካከሉ ግን ቀዘቀዘ። አንጎል ሙሉውን ጉዞ እንደ አንድ ድርጊት ይዞታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መነሻውን ምልክት ካገኘ የቀረው ራሱ ይከተላል። ምልክቱ ሰዓት፣ ቦታ ወይም ቀድሞ የተሠራ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ስንት ቀን ይፈጃል?

«21 ቀን» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ቁጥሩ በሰፊው የታወቀው ማክስዌል ማልትዝ የተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ሐኪሙ ታካሚዎቹ የተለወጠ መልካቸውን ለመላመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚወስድባቸው ጽፎ ነበር፤ «ቢያንስ» የሚለው ቃል ግን በመንገድ ላይ ጠፋ። በለንደን ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው ጥናታቸውን በ2009 እ.ኤ.አ. አወጡ። አንድ ድርጊት ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ይፈጃል፤ እንደ ሰውየውና እንደ ድርጊቱ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ሊለያይ እንደሚችል በስሌት ገምተዋል። ከቁርስ በኋላ ውኃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፤ ስፖርት ይዘገያል። አንድ ቀን መዝለልም የተጀመረውን አላፈረሰም። ስለዚህ ዛሬ ቢያመልጥዎ ነገ ይቀጥሉ፤ እንደ አዲስ መጀመር አያስፈልግም።

እንዴት እንጀምር?

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘር እንዳሳየው፣ መቼና የት እንደሚሠሩት አስቀድመው የወሰኑ ሰዎች እንዲሁ «አደርጋለሁ» ብቻ ካሉት ይልቅ ያሰቡትን ይፈጽማሉ። «ስፖርት እጀምራለሁ» ማለት አይበቃም። «ልጆቹን ትምህርት ቤት እንዳደረስኩ፣ ከበሩ ተነሥቼ እስከ አደባባዩ በእግሬ እሄዳለሁ» ማለት ግን ምልክትም ቦታም አለው። ልጆቹ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ስለሚሄዱ ማስታወሻ አያሻም።

መጠኑን በጣም በደከሙበት ቀን እንኳ በሚችሉት ልክ ያድርጉት፤ ሁለት ገጽ ማንበብ ይበቃል። መንገዱንም ያቅልሉ። መጽሐፉ ትራስዎ አጠገብ ይሁን፤ ስልኩን ሳሎን ቻርጅ ላይ ይተዉት። መጥፎ ልማድም የሚሠራው በዚሁ ስልት ነውና፣ ምልክቱ ከዓይን ሲርቅ ይዳከማል።

ከዕቁብ ምን እንማራለን?

ብቻውን ገንዘብ ማስቀመጥ ያቃተው ሰው ዕቁቡን ግን ሳያጓድል ይጥላል። ቀኑ የታወቀ፣ መጠኑም የተቆረጠ ስለሆነ በየሳምንቱ «ላስቀምጥ ወይስ ይቅር?» እያለ ከራሱ ጋር አይሟገትም። ጸሐፊው ይመዘግባል፤ ዳኛው ይጠይቃል፤ ዕጣ የሚጠብቁ ሰዎችም አሉ። ወኔው የጎደለበትን ሰው ሥርዓቱ ይደግፈዋል። ይህ ከገንዘብ ውጭም ይሠራል። ከጎረቤት ጋር 12 ሰዓት በር ላይ ለመገናኘት የተቀጣጠረ ሰው፣ ብቻውን ቢሆን ተመልሶ በሚተኛበት ጠዋት ይወጣል። ሰው መፈለግ ድክመት ሊመስለን አይገባም፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ቁም ነገር ያቆሙት እየተጠባበቁ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «ይህን ካደረግሁ በኋላ፣ እዚህ ቦታ፣ ይህን አደርጋለሁ።» ለአንድ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩት። ሁለተኛ ልማድ የሚጨምሩት፣ የመጀመሪያውን ሳያስቡት ማድረግ ሲጀምሩ ብቻ ይሁን።