ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ?

በመድኃኒት ቤት መስኮት «ከምግብ በኋላ ይውሰዱት» መባል የተለመደ ነው። በሑዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው፣ በረመዳን ኢንሱሊን ለሚወጉ እናትስ ይህ ምክር ምን ይነግራቸዋል?

የፋርማሲ ትምህርት በ2001 ዓ.ም. ገደማ ወደ አምስት ዓመት አድጎ ከመድኃኒቱ ይልቅ ታካሚውን ማዕከል አደረገ። ጅማ ዩኒቨርሲቲም በክሊኒካል ፋርማሲ የማስተርስ ትምህርት ጀመረ። ተማሪው ከሐኪሙ ጋር የተኙ ሕሙማንን መጎብኘት ያዘ። ሥርዓተ ምግብ ግን ባመዛኙ በየኮርሱ ጥግ ተበታትኖ ቀርቷል።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አንድ ሳምንት ጎመን አብዝቶ በቀጣዩ ቢተወው፣ ጎመኑ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የደሙን መርጋት ያዋዥቀዋል። ጎመን መከልከል አያስፈልግም፤ መጠኑን ሳያለዋውጡ መብላት ይበቃል። ነፍሰ ጡሯ የአይረን ክኒኗን በአቦልና በቶና መካከል ከዋጠች ቡናው አይረኑ ወደ ሰውነቷ እንዳይገባ ያደናቅፈዋል፤ የታይሮይድ መድኃኒት የሆነውን ሌቮታይሮክሲንንም እንዲሁ። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ የስኳር ሕመምተኛ ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሰው ይችላል። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ ጾመኛው ለወራት የሚተዋቸው እነዚህኑ ነው። የውጭ መማሪያ መጽሐፍ ስለ ሑዳዴ አያወራም፤ ስለዚህ የማስተማሪያ ምሳሌው እዚሁ ከሽሮውና ከቡናው መነሣት አለበት።

በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ሆስፒታል ሲገባ መጀመሪያ ኤፍ-75 የተባለ ወተት ይሰጠዋል፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ። የደከመው ሰውነት በአንዴ ብዙ ምግብ ቢጫንበት ልብ እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል። በዚህ ደረጃ አይረንም አይሰጠውም። ሲያገግም የሚበላው 92 ግራሙ ፕላምፒ ነት 500 ኪሎ ካሎሪ ይዟል፤ አይረንም ስላለበት ሌላ ክኒን መጨመር አያሻም። ይህን ሁሉ ማጣራት የሚችለው ፋርማሲስት ግን ብዙ ጊዜ ሥራው ካርቶን መቁጠር ሆኖ ይቀራል፤ ይህ የሙያ ብክነት ነው።

አንድ ኮርስ መጨመር ብቻውን ችግሩን አይፈታውም። ተማሪው ከሥርዓተ ምግብ ባለሙያ ጋር ሕፃናት ክፍል ይሰንብት፤ ፈተናውም ታካሚን ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚጾም መጠየቅን ያካትት። በሥራ ላይ ላሉት ደግሞ ለፈቃድ እድሳት የሚጠየቀው ተከታታይ ሙያዊ ሥልጠና ጥሩ በር ነው። ወረፋው በተሰለፈበት መስኮት፣ ሌላው ሕመምተኛ በሚሰማበት፣ ስለ ጾምና ስለ ማዕድ ማን በነፃነት ያወራል? ስለዚህ ከሥልጠናው ጎን ለብቻ ማማከሪያ የሚሆን ቦታም በሆስፒታሉ በጀት ይያዝ።