የደጋ አጋዘን አደን ከቆጠራ እስከ ጥይት

በኢትዮጵያ ደጋ በሕግ የሚፈቀድ አደን የሚጀምረው ከቆጠራ ነው። አደኑ በዋናነት የሚካሄደው የደጋ አጋዘን በሚኖርባቸው የባሌና የአርሲ ደኖች ሲሆን፣ ኦዶ ቡሉ፣ ሃንቶና ሙነሳን የመሳሰሉት ቦታዎች «ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች» ይባላሉ። በደቡብ ጎንደር፣ በደብረ ታቦር ዙሪያ እንዲህ ያለ ቀበሌ የለም፤ ምክንያቱም ኋላ ይታያል።

አጋዘን ሲባል ብዙ ሰው በውጭ ፊልም የሚያየው ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ እንስሳ ይመስለዋል። ያ እንስሳ ከሰሃራ በስተደቡብ በተፈጥሮ አይገኝም። የእሱ ቀንድ በየዓመቱ ረግፎ እንደገና ይበቅላል፤ የደጋ አጋዘን ጠመዝማዛ ቀንድ ግን ከወንዱ ጋር ዕድሜ ልኩን ይኖራል፣ ከአንድ ሜትርም በላይ ሊረዝም ይችላል። ሴቷ ቀንድ የላትም። ትልቅ ወንድ እስከ 300 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። እንስሳው ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር የለም። የሳይንስ ስሙን ያገኘው በ1902 ዓ.ም. ቢሆንም የአርሲና የባሌ ሰው ከዚያ አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

ቆጠራው የሚካሄደው እንስሳው ከጥሻ በሚወጣበት በማለዳና በምሽት ነው። ወንድ፣ ሴትና ግልገል ለየብቻ ይመዘገባሉ። ኮታው የሚወጣው ከዚህ ሲሆን የሚፈቀደውም ያረጀ ወንድ ብቻ ነው። እንስሳው ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ስለሆነ ኮታው ከጥቂት ወንዶች ማለፍ የለበትም፤ በግምት የተሞላ የቆጠራ ቅጽ ካልታሰበ ጥይት አይተናነስም። ፈቃዱ የሚሰጠው በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ነው። የውጭ አገር አዳኝ ፈቃድ ካለው ፕሮፌሽናል አዳኝ ጋር ይወጣል።

ጫካ ውስጥ ዋናው ጉዳይ ነፋስ ነው። ፀሐይ ሳትሞቅ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ስለሚወርድ የሰው ጠረን ወደ ታች ይሄዳል፤ አዳኙም ከሥር ወደ ላይ ይቀርባል። ረፋድ ላይ ገደሉ ሲሞቅ አየሩ ሽቅብ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ከላይ መሆን ይሻላል። ቀን አጋዘኑ አስታና ኮሶ ሥር ስለሚያርፍ መራመዱ ብዙም አይጠቅምም፤ ከማዶ ተቀምጦ ገመገሙን በመነጽር ማበጠር ይበልጣል። ወንዱ ከታየ በኋላም የቀንዱ ርዝመት፣ የጫፉ ማለቅና የአንገቱ ውፍረት ተመርምሮ ዕድሜው ይገመታል። ወጣት ከሆነ ይታለፋል። ቀናት ፈጅቶ ሳይተኩስ የሚመለስ አዳኝ ሥራውን በሚገባ የሠራ አዳኝ ነው።

ከተኩሱ በኋላ ቀንዱ ይለካል፣ ይመዘገባል፤ ቆዳው በጨው ይታሻል። አዳኙ ከሚከፍለው ገንዘብ ለአካባቢው ነዋሪ የሚደርሰው ድርሻ የሥራው ከባድ ክፍል ነው። አጋዘኑ ገብስ የሚበላበት ገበሬ ከደኑ አንዳች ካላገኘ ደኑን ማረሱ አይቀርም።

በደቡብ ጎንደር የሆነውም የደን መታረስ ነው። በቀድሞው ዘመን ትልቅ አውሬ የጣለ ሰው ግዳዩን ቆጥሮ ይፎክር፣ በሹማምንትም ፊት ይከበር ነበር። ዛሬ የቀረው ደን ግን በየቦታው የተበጣጠሰ ነው፦ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ያለው ዓለም ሳጋ፣ በአዲስ ዘመን አጠገብ ያለው ጣራ ገዳም፣ እንዲሁም የየአድባራቱ ጥድና ወይራ። እንዲህ ባለ ቁራጭ ደን የሚኖሩ ድኩላና ሚዳቋ ከሌላ ደን ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር ለመገናኘት እርሻና መንገድ ማቋረጥ አለባቸው፤ ጥቂት ወንዶች ቢገደሉ የሚተካቸው ከየትም አይመጣም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጉና ተራራም ቀይ ቀበሮውን አጥቷል፤ የጠፋውም በአዳኝ ኮታ ሳይሆን እርሻውና ግጦሹ ሽቅብ ሲወጡ መኖሪያው ጠብቦ ነው። ስለዚህ ወደ ጣና የሚወርዱት ርብና ጉማራ በሚነሡበት በዚህ ተራራ የሚቀድመው ሥራ ጓሳውንና ጅብራውን ከከብትና ከእሳት መጠበቅ፣ የተረፈውንም እንስሳ በየዓመቱ መቁጠር ነው።