የባዕድ ልሳን በተዋንያን አንደበት

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ጀምሮ የቱርክንና የኮርያን የመሳሰሉ የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ማሳየት በያዘ ጊዜ፣ በኢስታንቡል ባሕር ዳር ቤቱ ተቀምጦ ሻዩን የሚጠጣው ሰው እንደ አዲስ አበባ ልጅ ሲያወጋ መስማት ለብዙው ቤተሰብ አስቀድሞ መደነቂያ፣ ዋል አደር ብሎም ልማድ ሆነ። የአገር ውስጥ ተዋንያንና የፊልም ባለሙያዎች እንጀራችንን የሚነጥቅ ነው ሲሉ በአደባባይ ተቃወሙት። በዚያ ክርክር መካከል እምብዛም ሳይነሣ የቀረው ነገር ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ የአነጋገር ጉዳይ ነበር፤ ምክንያቱም ከገጠር የመጣው ድኃም፣ በከተማ ያደገው ባለጠጋም፣ ሸምገል ያለው የባሕር ሰውም ወደ አማርኛ ሲመለሱ ሁሉም ያንኑ የአዲስ አበባ አማርኛ ይናገራሉ፤ የከንፈሩን እንቅስቃሴ ከቃሉ ርዝመት ጋር ለማስማማት የሚደክመው ባለሙያ የሰውየውን የትውልድ መንደር ጭምር ይዞ እንዲመጣ መጠየቅ ከባድ መሆኑን ባውቅም፣ ጉድለቱ ጉድለት ነው።

አነጋገር ሰውን ያጋልጣል፤ በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት ሲሞቅ የነበረው ጴጥሮስ እንኳ ጌታውን አላውቀውም ብሎ ቢምልም፣ የገሊላ ሰውነቱን አነጋገሩ መስክሮበት ነበር።

ቀድሞ ቲያትር ቤቶቻችን ከዚህ ችግር በቀላሉ ያመልጡ ነበር። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሼክስፒርን ኦቴሎና ሐምሌት ወደ አማርኛ በመለሱ ጊዜ፣ የቬኒስ መኳንንትና የዴንማርክ ልዑል በጠራና በከበደ አማርኛ ይነጋገሩ ነበር፤ መድረክ ከተመልካቹ ጋር ቃል ኪዳን የተጋባ ስፍራ ስለ ሆነ፣ ይህ ሰው አማርኛን ከወዴት ተማረ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። በራዲዮ ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ሲተርክ፣ ለባላባቱ አንድ፣ ለወይዘሮዋ ሌላ፣ ለቄሱም የራሱ የሆነ ድምፅ እየሰጠ፣ አንድ አንደበት ብዙ ሰው ሊሆን እንደሚችል ያለ አልባሳትና ያለ ብርሃን አስረድቶናል። በ1957 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ቴሌቪዥን ግን ዐይኑን ወደ ተዋናዩ ፊት አቅርቦ የከንፈሩን መንቀጥቀጥ የሚያሳይ መሣሪያ በመሆኑ፣ መድረክ ይቅር የሚለውን ሁሉ እርሱ ይቅር አይልም።

ታዲያ በቴሌቪዥን ድራማዎቻችን ፈረንጅ ሲመጣ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ለማሳቅ ነው። አንተን አንቺ፣ አንቺን አንተ ይላል፤ «ጠ»ን፣ «ቀ»ን፣ «ጨ»ን ከጉሮሮው ማውጣት ያቅተዋል፤ የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል፤ እኛም እንስቃለን። ሳቅን የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ ይህ ሳቅ በጥቂት ድካም የተገኘ መሆኑን ሳልናገር አላልፍም፤ ምክንያቱም አንድ ባዕድ ሰው በተማረው አማርኛ ሲሳሳት የሚሳሳተው በዘፈቀደ ሳይሆን አፉን በፈታበት ቋንቋ ሥርዓት ነው፤ ጣልያናዊው ቃሉን በአናባቢ ሊጨርስ ይሻል፣ ዐረቡ «ፐ»ን ከ«በ» ጋር ያዛምዳል፣ እንግሊዙ አናባቢውን እየጎተተ ያጣምመዋል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ያው ዘዴ በገዛ ወገኖቻችን ላይ መዋሉ ነው፤ የጎጃም ወይም የወሎ ዘዬ ያለው፣ አለዚያም አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የተማረ ገጸ ባሕርይ፣ ዘበኛ ወይም የቤት ሠራተኛ ሆኖ ካልሆነ በቀር፣ ሐኪም ወይም ዳኛ ሆኖ ሲቀርብ የምናየው ስንት ጊዜ ነው?

በሌላው ዓለም ተዋናዩ ለዚህ ሥራ ብዙ ይደክማል። ብራዚላዊው ዋግነር ሙራ ናርኮስ በተባለው ተከታታይ ድራማ ኮሎምቢያዊውን ፓብሎ ኤስኮባርን እንዲጫወት በተመረጠ ጊዜ፣ ስፓንኛ ስለማያውቅ ወደ ሜደሊን ከተማ ሄዶ እዚያው እየኖረ ተማረ፤ ያም ሆኖ የኮሎምቢያ ተመልካቾች ቅላጼውን መንቀፋቸው አልቀረም፤ የባለቤት ጆሮ እንዲህ ጨካኝ ነው። በአዲስ አበባ ተወልዳ በሕፃንነቷ ወደ አየርላንድ የሄደችው ሩት ኔጋም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የዌልስ ተወላጅ የሆነችውን ዘፋኝ ሸርሊ ባሴን፣ በኋላም በሌላ ድራማ የቴክሳስን ሴት ሆና ስትጫወት፣ የአየርላንድ አነጋገሯን ፈጽማ ትለውጠዋለች። የእኛው ኃይሌ ገሪማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ጤዛ በተባለው ፊልሙ፣ በጀርመን አገር ተምሮ ወደ ወላጆቹ መንደር የተመለሰውን ምሁር ታሪክ ሲያሳይ፣ ጀርመንኛው በጀርመን፣ አማርኛው በአገሩ እንዲነገር በማድረጉ፣ የሰውየው ስደተኛነት ያለ ብዙ ማብራሪያ ለጆሮ ግልጽ ይሆናል።

ይህ ትምህርት ለእኛ ባዕድ ሊሆን አይገባውም ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን የንባብ ቤት ሕፃኑን ፊደል ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂና ሰያፍ እያለ ድምፅ የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን ለይቶ ያስጠናዋል፤ የዜማው ሊቃውንትም ቤተ ልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር ብለው የአንዱን ድጓ ስልት ከሌላው ይለያሉ፤ ሊማር የወደደ ደቀ መዝሙር ስንቁን ቋጥሮ ወደ መምህሩ አገር ይሄዳል እንጂ በወሬ አይማረውም። ተዋናዩም አዘጋጁም ይህን ሥርዓት ቢያስቡበት ኖሮ የአነጋገር መምህር መቅጠር እንደ ቅንጦት ባልታየ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲታሰበኝ በቴሌቪዥን ተሠርቶ ለማየት የምመኘው አንድ ታሪክ አለ፤ ቦታው እንጦጦ፣ ዘመኑ 1879 ዓ.ም. ነው። ቅኔን ትቶ ንግድን የያዘው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ፣ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል አስጭኖ፣ ከታጁራ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሸዋ ገባ፤ ሐረርን ይዘው የተመለሱትን ንጉሥ ምኒልክንም በእንጦጦ አግኝቶ ስለ ዋጋው ተከራከረ፤ ያሰበውን ያህል ትርፍ ግን አላገኘም። በዚያው ዘመን ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በንጉሡ አገልግሎት ላይ ነበረ፤ የኢጣልያው ኮንት አንቶኔሊም ወደ ሸዋ የሚመላለስ መልክተኛ ነበረ። የንጉሡ ቤት በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ዛሬም ቆሞ ስለሚታይ፣ አዘጋጁን የሚያስጨንቀው ቤቱ ሳይሆን ቋንቋው ነው።

ምኒልክን የሚጫወተው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ማለቂያ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ የላኩት የድምፅ መልእክት እስከ ዘመናችን ስለ ደረሰ፣ ጆሮውን ሰጥቶ ሊማርበት ይችላል። ኢልግ ብዙ ዘመን በአገራችን የኖረ ስለሆነ አማርኛው የጠራ፣ ሆኖም ከተራራማው አገሩ የመጣ አንዳች ዜማ የቀረበት ቢሆን ደስ ይለኛል። ራምቦን ግን አማርኛ አላናግረውም፤ በዓደንና በሐረር ለዓመታት ሲነግድ የኖረ ሰው ስለ ነበረ በዐረብኛ ይከራከር፣ ሲቆጣም ፈረንሳይኛው ያምልጠው፤ በመካከል የሚቆም አስተርጓሚም ይኑር፤ የነጋዴውን ቁጣ ወደ ትሕትና፣ የንጉሡን ቀልድ ወደ ሕጋዊ ቃል እየለወጠ፣ ሁለቱም ሳይጣሉ እንዲለያዩ የሚደክም። ለዚህ ለአስተርጓሚው ሚና የሚመረጠው ተዋናይ ከሁሉ የበለጠ የሚለፋ በመሆኑ፣ ደመወዙ ከራምቦው ማነስ የለበትም።