የየጁ ማንነትና ቱሪዝም፦ ወልዲያና ሀብሩ ከመተላለፊያነት ባሻገር

ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ በመኪና ወደ ላሊበላ የሚያቀና ጎብኚ በተለመደው መንገድ መርሳንና ወልዲያን ያቋርጣል። በመርሳ መንገድ ዳር ማንጎና ብርቱካን ይገዛል፣ በወልዲያ ምሳውን ይበላል ወይም ያድራል፣ በማግስቱ ወደ ደጋው ይወጣል። ስላቋረጠው ምድር ማንነት አንድም ነገር ሳይነገረው የሚያልፈው በርካታ ነው።

በአላውሃና በሚሌ ወንዞች መካከል የሚገኘው የሀብሩ ወረዳም ሆነ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ወልዲያ በታሪክ የጁ በመባል የሚታወቀው አገር አካል ናቸው። ከየጁ የተነሱት መሳፍንት፣ ከታላቁ ራስ ዓሊ ጀምሮ እስከ ዳግማዊ ራስ ዓሊ ድረስ፣ በዘመነ መሳፍንት በጎንደር ነገሥታት ስም አገር አስተዳድረዋል። የበላይነታቸው ያከተመው በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት በካሳ ኃይሉ፣ በኋላ ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ ድል ሲመቱ ነው። ጎንደርን የሚጎበኝ እንግዳ ስለ የጁ ራሶች መስማቱ አይቀርም። የጁን የሚያቋርጠው ግን አይሰማም።

በወሎ ከሚታወቁት ቀደምት የእስልምና ትምህርት ማዕከላት አንዱ የሆነው ዳና የሚገኘውም በየጁ ነው። ከኢትዮጵያ አራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች የአንዱ ስም መጠሪያ የሆነው አምባሰል ደግሞ የቅርብ ጎረቤት ነው። «የመቻቻል ተምሳሌት» የሚለው አገላለጽ በየስብሰባው በመደጋገሙ ትርጉሙ እየደበዘዘ መምጣቱ የሚታይ ሲሆን፣ ጎብኚን የሚስበው ግን አገላለጹ ሳይሆን ኑሮው ነው። ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ አርዶ ሁሉንም በአንድ ዳስ የሚያስተናግድ ሰርግ ለወሎ ሰው የዘወትር ነገር ቢሆንም ለእንግዳው አዲስ ነው።

አጎራባች አካባቢዎች በዚህ ረገድ ቀድመዋል። የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድየ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይከበራል። ሦስቱም የልጃገረዶች በዓላት የታወቀ ስም፣ ቀንና ቦታ ስላላቸው እንግዳው አስቀድሞ ጉዞውን ያቅዳል። ይሁንና በዓሉ ወደ ስታዲየም በገባ ቁጥር የልጃገረዶቹ የቤት ለቤት ጭፈራ ቦታ እያጣ፣ የክብር እንግዶች ንግግር እየረዘመ እንዳይሄድ መጠንቀቅ ያሻል።

ማንነትን ለቱሪዝም ማዋል ለአገራችን አዲስ አይደለም። አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» የተሰኘውን መለያ የቀረጹት ከዘመን አቆጣጠራችን በመነሳት ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ «ምድረ ቀደምት» የሚለው ተተክቷል። ትንሿ የሂማላያ አገር ቡታን በሯን ለጎብኚዎች የከፈተችው በ1966 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመረጠችው የጎብኚዎችን ቁጥር ማብዛት ሳይሆን ከእያንዳንዱ የሚገኘውን ጥቅም ማሳደግ ነው። የገዳማቷ ዓመታዊ በዓላት ቀናቸው የሚወሰነው በጨረቃ አቆጣጠር በመሆኑ እንግዳው ቀኑን ጠብቆ ይሄዳል።

መለያ ከመቅረጽ በፊት ግን ምዝገባ ይቀድማል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለዚህ መሠረት ይሰጣል። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. ያጸደቀችው የማይዳሰሱ ቅርሶች ስምምነትም የባህሉ ባለቤት የሆነው ማኅበረሰብ በምዝገባው እንዲሳተፍ ይጠይቃል። በመሆኑም ሥራው በጽሕፈት ቤት ብቻ ተጀምሮ የሚያልቅ አይደለም።

ወልዲያ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም አላት። በአንጻሩ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ አካባቢውን ጎድቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የተከሰተው ግጭትም የጎብኚዎችን እንቅስቃሴ ክፉኛ አዳክሟል። የእንግዳው መምጣት በመንገዱ ሰላም የሚወሰን ነው። የዳናን ታሪክና የየጁን መሳፍንት ትውፊት የሚያውቁ አዛውንቶችን ቃል መቅዳት ግን እስከዚያ የሚቆይ ሥራ አይደለም።